እስክንድር ቦጎሲያን በፓሪስ

በኮሌጃችን ስለ ዘመናዊ ሥዕል ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ ቃል ሳይሰማ አይቀርም፤ ይኸውም «የፈረንጅ ነው» የሚል ነው። ቃሉ አጭር ስለ ሆነ ለተናጋሪው ይቀለዋል። መልስ ለሚሰጠው ግን አይቀለውም፤ መልሱ ታሪክ ይጠይቃልና። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው ከዘመናውያን ሠዓልያን አንዱ የሆነው እስክንድር ቦጎሲያን ፓሪስ ተቀምጦ ያሳለፋቸውን 9 ዓመታት መርምረን፣ ምን ይዞ ሄዶ ምን ይዞ እንደ ተመለሰ ለማመልከት ነው። እስክንድርን የመረጥንበትም ምክንያት ይህ ክስ በማንም ላይ ቢጸና በእርሱ ላይ መጽናት የሚገባው ስለሚመስል ነው። በአባቱ በኩል የአርመን ዘር አለበት፤ ገና በ18 ዓመቱ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ ከዕድሜውም የሚበልጠውን ክፍል በሰው አገር ኖሮ እዚያው ዐረፈ።

አስቀድመን አንድ ነገር ማስታወቅ ይገባናል። መቱ ተቀምጦ ስለ እስክንድር የሚጽፍ ተማሪ የሚያየው ዋናውን ሥዕል ሳይሆን በመጽሐፍ ወይም በኮምፒዩተር ላይ የወጣውን ቅጂ ነው። ስለዚህ ስለ ቀለሙና ስለ ገጹ አሠራር የምንለው ነገር በዚሁ ልክ ይታይልን። ዘመናቱም «እንደ እኛ አቆጣጠር» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የፈረንሣይ ሥዕልና የኢትዮጵያ ምድር መገናኘት የጀመሩት በእስክንድር አይደለም። ከቀደሙት ግንኙነቶች አንዱ በዚሁ በኢሉባቦር አልፏል። በ1897 በማርኪስ ደ ቦንሻን የሚመራ የፈረንሣይ ጓድ ወደ ጎሬ መጣ። አሳቡ ከኮንጎ በኩል ከሚመጣው ከሻምበል ማርሻን ጋር በነጭ ዓባይ ዳር ተገናኝቶ፣ እንግሊዞች ሳይደርሱ በፋሾዳ አካባቢ የፈረንሣይን ሰንደቅ ዓላማ ለመትከል ነበር። ከጓዱ አባሎች መካከል ሞሪስ ፖተር የሚባል ሠዓሊ ነበረ። የፎቶግራፍ መሣሪያ ገና ከባድ ሸክም በነበረበት በዚያ ዘመን እንዲህ ላለ ጉዞ ሠዓሊ ይዞ መነሣት የተለመደ ነበር፤ የሠዓሊውም ተግባር አገሩንና ሕዝቡን ሥሎ በፓሪስ ላለው አንባቢ ማቅረብ ነው። ጓዱ ባሮን ተከትሎ እስከ ሶባት ወረደ፤ ዳሩ ግን ጀልባ በማጣቱና በበሽታ በመዳከሙ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ለመመለስ ተገደደ። ፖተር ግን ፌቭር ከሚባል ባልንጀራው ጋር ሆኖ፣ የጎሬው ገዥ ደጃዝማች ተሰማ ናደው (ኋላ ራስ ቢትወደድ) የመሩትን ጦር ተከትሎ እንደ ገና ወረደ። ጁን 22 ቀን 1898 ጦሩ ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚቀላቀልበት ስፍራ ደረሰ። ማርሻን ፋሾዳ የገባው ከዚህ 18 ቀን ዘግይቶ ነው። ፖተር አገሩን አላየም፤ በመልስ ጉዞ ላይ ተገደለ። የእኛ የሶር ውኃ ወደ ገባ፣ ገባም ወደ ባሮ፣ ባሮም ወደ ሶባት የሚወርድ ስለ ሆነ፣ ይህ ሰው የተጓዘው የሶርን ውኃ አቅጣጫ ተከትሎ ነው ለማለት ይቻላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ የምንለው ነገር ግን ሌላ ነው። ሠዓሊው እርሱ ነው፤ የምንሣለው እኛ ነን።

ሁለተኛው ግንኙነት የተፈጸመው በጎንደር ነው። ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው፣ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሣይ የጥናት ጓድ በ1932 በጎንደር ብዙ ወራት ተቀመጠ። በዚያም በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የነበሩትን የቆዩ ሥዕሎች ከግድግዳው እያላቀቀ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። በምትካቸው የሚለጠፈውን ቅጂ እንዲሠራ የመጣው ሰው ጋስቶን ሉዊ ሩ ይባላል፤ በፓሪስ ከዘመናውያኑ ወገን የሚቆጠር ወጣት ሠዓሊ ነበር። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻው ጓዱ በየአገሩ ዕቃ የሰበሰበበትን መንገድ ብዙ ሳይሸፍን ገልጦታል፤ በዚህም ምክንያት ከግሪዮል ጋር ተጣልቷል። እኛ ይህን ነገር ደጋግመን አስበንበታል። የፓሪስ ሠዓሊ ጎንደር ድረስ መጥቶ፣ ስሙ እንኳ ያልተጻፈለትን የጎንደር ሠዓሊ እጅ ተከትሎ መስመር በመስመር ሣለ። ቅጂው ለእኛ ቀረ፤ ዋናው ፓሪስ ገባ። ዘመናዊነት ከፓሪስ ወደ እኛ ብቻ የሚፈስ ውኃ ይመስል የሚናገሩ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱት መልካም ነበር።

ከእኛ ወገን ደግሞ ፓሪስ ሄዶ ሥዕል በመማር እስክንድርን የቀደመው አገኘሁ እንግዳ ነው። በ1920ዎቹ ተልኮ በዚያ ባለው በታላቁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተመለሰ። ይዞት የመጣው የዘይት ቀለም አያያዝን፣ የብርሃንና የጥላን አገባብ፣ የሰውን መልክ እንደ ተፈጥሮው የመግለጥን ሙያ ነው። ይህም ለጊዜው ታላቅ ነገር ነበር። የሆነ ሆኖ ፓሪስ ራስዋ በዚያ ጊዜ ይህን ትምህርት መጠራጠር ከጀመረች ግማሽ ምእት ዓመት አልፏት ነበር። ከሴዛንና ከጎጋን፣ ከማቲስና ከብራክ በኋላ የአገሪቱ ወጣቶች ትምህርት ቤቱ ያስተማራቸውን ለመርሳት ይታገሉ ነበርና ነው። አገኘሁ የተማረው ትምህርት ቤቱን ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለችውን ፓሪስ ወደ ሥዕላችን ማምጣት ለሌላ ትውልድ ቀረ።

እስክንድር ሐምሌ 15 ቀን 1929 ዓ.ም. እንደ እኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ ጸዳለ ወልደ ተክሌ፣ አባቱም በክብር ዘበኛ በኮሎኔልነት ያገለገሉት ኮስሮፍ ጎርጎርዮስ ቦጎሲያን ናቸው። የተወለደው ጠላት ከተማይቱን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ታሰሩ፤ እናቱም ተለይተው ይኖሩ ስለ ነበር፣ እርሱና እኅቱ ያደጉት በአባታቸው ወንድም ቤት ነው። በአንድ በኩል አማርኛ፣ በሌላ በኩል አርመንኛ በሚነገርበት ቤት ያደገ ልጅ «የማን ነህ» የሚለውን ጥያቄ ከፓሪስ በፊት ሳይሰማው አልቀረም ብለን እናስባለን።

በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲማር ሥዕል ጀመረ። ከዚያም ከስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ዘንድ ተማረ። ሆይናትስኪ በ1950 ተከፍቶ የነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው የሠሩ ፖሎኛዊ ናቸው፤ ራሳቸው በውኃ ቀለም ይሥሉ ነበር፤ ኋላም የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ታሪክ በማጥናት ስመ ጥር ሆኑ። እስክንድር እንግዲህ ገና በልጅነቱ የአገሩን የጥንት ሥዕል ከፍ አድርጎ ከሚመለከት መምህር እጅ ገብቶ ነበር። ይህ ወደ ፊት ለምንናገረው ነገር ስለሚጠቅም አንባቢ እንዲይዘው እንለምናለን። በንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል ምክንያት በተደረገው ውድድር 2ኛ ሆኖ ተሸለመ፤ በ1955 የመንግሥት ስኮላርሺፕ አግኝቶ ወደ ሎንዶን ተላከ። በሎንዶን ሁለት ዓመት ያህል በልዩ ልዩ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ተማረ። ከዚያ በ1957 ወደ ፓሪስ ተሻገረ፤ 20 ዓመቱ ነበር።

በዚያን ጊዜ የነበረችውን ፓሪስ ሳይረዱ እስክንድርን መረዳት አይቻልም። እርሱ ከመግባቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በሴፕቴምበር 1956፣ የጥቁር ሕዝብ ደራስያንና አርቲስቶች የመጀመሪያ ጉባኤ በሶርቦን ተደርጎ ነበር። ጉባኤውን የጠራው የሴኔጋሉ ተወላጅ አሊዩን ዲዮፕ በ1947 ያቋቋመው «ፕሬዛንስ አፍሪኬን» የተባለው መጽሔት ነው። ሼክ አንታ ዲዮፕ ጥንታዊት ግብፅ የጥቁር አፍሪካ ልጅ ናት የሚለውን መጽሐፉን በ1954 አሳትሞ ነበርና ተማሪዎች በየቡና ቤቱ ይከራከሩበት ነበር። በ1960 ደግሞ 17 የአፍሪካ አገሮች በአንድ ዓመት ነፃ ወጡ፤ ከእነዚህም 14ቱ በፈረንሣይ እጅ የነበሩ ናቸው። የእነዚህ አገሮች ልጆች በፓሪስ ተሰብስበው ስለ ራሳቸው ማንነት ይነጋገሩ ነበር። እስክንድር ከነፃ አገር የመጣ ሰው ስለ ሆነ እንደ እነርሱ የቅኝ ገዥ ቋንቋ አልተጫነበትም። ነገር ግን ቤቱ ያደገበትን ነገር በእነርሱ ዓይን ሲያየው ሌላ ሆኖ ታየው። ከአዲስ አበባ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ አፍሪካዊ መሆኑን የሚያውቀው ውጭ አገር ከደረሰ በኋላ ነው ይባላል፤ ነገሩ ሙሉ በሙሉ እውነት ባይሆንም ለእስክንድር ትውልድ ግን የቀረበ ነበር።

በትምህርት ረገድ ግራንድ ሾሚዬር በሚባለው የሞንፓርናስ የሥዕል ቤት በተማሪነት ቆየ፤ ኋላም በዚያው አስተማረ። ይህ ቤት ፈተናና ዲፕሎማ የሌለው፣ ሞዴል አስቀምጦ ለመጣው ሁሉ በሩን የሚከፍት ስለ ነበር ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ይሰበሰቡበት ነበር። ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ግን ያስተማሩት ያያቸው ሥራዎችና የተገናኛቸው ሰዎች ናቸው። ከሁሉ በላይ ሁለት ሰዎችን እንጠቅሳለን። አንዱ የስዊሱ ተወላጅ ፓውል ክሌ ነው። ክሌ ፊደል የሚመስል መስመር፣ ሥዕል የሚመስል ፊደል ይሠራ ነበር፤ ትንሽ ወረቀት ላይ ምልክት በምልክት እየደረደረ ዓለም ይፈጥር ነበር። ሁለተኛው የኩባው ዊፍሬዶ ላም ነው። ላም አባቱ ቻይናዊ፣ በእናቱ በኩል ከአፍሪካና ከእስፓኝ የተወለደ ሰው ነው፤ የክርስትና እናቱ በኩባ ያሉት አፍሪካውያን የያዙት እምነት ካህን ነበሩ። ፓሪስ ገብቶ ከፒካሶና ከአንድሬ ብሬቶን ጋር ከተዋወቀ በኋላ ወደ ደሴቱ ተመልሶ ሥዕሉን በክርስትና እናቱ መናፍስት ሞላው። እስክንድር በዚህ ሰው ውስጥ ራሱን ሳያይ አልቀረም። የላም ዘር ከሦስት አህጉር የመጣ ነው፤ ሆኖም በመጨረሻ የሣለው የአሳዳጊውን ቤት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ፍሬ እንገባለን። በቤታችን ያለውን ነገር ለማየት ሰው ለምን ፓሪስ ድረስ ይሄዳል? መልሱን ለማግኘት ክታብን መመልከት ያስፈልጋል። አንባቢ እንደሚያውቀው ክታብ ደብተራ በብራና የሚጽፈው ጥቅል ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተፍቆ በቀጭኑ ይቆረጣል፤ ቁራጮቹ በጅማት ተያይዘው ይሰፋሉ፤ ርዝመቱም በባለቤቱ ቁመት ልክ እንዲሆን ይደረጋል። በጥቁርና በቀይ ቀለም ጸሎትና አስማት ይጻፍበታል፤ በመካከሉ ጠልሰም ይሣልበታል። በጠልሰሙ ውስጥ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ በአራት ማዕዘን መረብ መካከል የተቀመጠ ፊት ይገኛል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዓይን ነው። የጠልሰም ዓይን እንዲታይ ብቻ አልተሣለም፤ እንዲያይም ነው። በታማሚው ላይ ያደረው መንፈስ ያን ዓይን ሲያይ ይሸሻል ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ ሥዕሉ የአንድን ነገር መልክ የሚያሳይ አይደለም፤ ሥራ የሚሠራ ነገር ነው።

ትምህርት ቤት የገባ የአዲስ አበባ ልጅ ግን በዚህ ነገር ያፍርበት ነበር። ቤተ ክርስቲያን አልባረከችውም፤ አስተማሪውም «ከንቱ እምነት» ይለዋል፤ እናት ከልጅዋ አንገት ላይ ክታቡን የምትሰውረው እንግዳ ሲመጣ ነው። እዚህም በእኛ አገር በመቱና በጎሬ ገበያ በአንገቱና በክንዱ ክታብ ያሰረ ሰው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ስለ እርሱ በአደባባይ የሚናገር የለም። በፓሪስ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ብሬቶንና ባልንጀሮቹ ከ1924 ጀምሮ ሕልምን፣ አስማትን፣ የአእምሮን ስውር ክፍል የኪነ ጥበብ ምንጭ ያደርጉ ነበር። ክሌ ምልክትን ሥዕል አደረገው። ላም መንፈስን በዘይት ቀለም ሣለው። እስክንድር ከእነዚህ ያገኘው ፈቃድ ነው ብለን እናምናለን፤ ያፈረበትን ነገር ወደ አደባባይ የማውጣት ፈቃድ። ሥዕሉን ግን አልሰጡትም፤ ሥዕሉ ከደብተራው ዘንድ ነበረ።

ይህን አባባላችንን የሚደግፉት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሠራቸው ሥራዎች ናቸው። «መጋቢዎች» በሚል ስም የሚታወቁት ተከታታይ ሥራዎቹ ከዚህ ዘመን ናቸው። በ1964 የሠራው «የድንጋጤና የደስታ የሌሊት በረራ» የተባለው ትልቅ ሥዕል በአሁኑ ጊዜ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በጨለማ ሰማይ ውስጥ ክንፍ ያላቸው ፍጡሮች ይበርራሉ፤ ወፍ ናቸው እንዳይባል የሰው ነገር አለባቸው፤ ሰው ናቸው እንዳይባል ሌላ ናቸው። በላያቸው ላይ ነጠብጣብና ጭረት እንደ ኮከብ ተበትኗል። በቅጂ ለሚመለከተው እንኳ ዓይኑ አንድ ቦታ አያርፍም። በዚያው ዓመት የሠራው «የጁጁ ሠርግ» በተቀደደና በተቆረጠ ካርቶን ላይ በቴምፔራና በብረትማ ቀለም የተሣለ ነው፤ የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ወስዶታል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1963 የፓሪስ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ ሥራውን ገዝቶ ነበር። በዚያ ዘመን ለአፍሪካዊ ሠዓሊ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነበር።

«ጁጁ» የሚለው ቃል ትኩረት ይገባዋል። ቃሉ የምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ክታብን፣ አስማትን፣ በዕቃ ላይ ያደረ ኃይልን ያመለክታል። የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ቃል ከአገሩ አላገኘውም፤ ከፓሪስ አፍሪካውያን ነው የሰማው። ነገሩን ግን በቤቱ ያውቀው ነበር። ስለዚህ ሥዕሉ የደብተራውን ጠልሰም ይዞ በናይጄሪያና በጋና ቃል ተሰየመ። «የፈረንጅ ነው» የሚለውን ክስ በዚህ ስፍራ ስንመዝነው፣ ፓሪስ በዚህ ሥዕል ውስጥ ያላት ድርሻ የስብሰባው አዳራሽ መሆን ነው ወደሚል አሳብ እናዘነብላለን። ተሰብሳቢዎቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው።

የተቃራኒውንም ወገን አሳብ መሸፈን አይገባንም። ከዚህ ዘመን ሥራዎቹ አንዳንዶቹ የላምን እጅ በግልጽ ያሳያሉ፤ ቀንዳማና ሹል የሆኑት ገጾች ከኩባው ሠዓሊ ሥራ አጠገብ ቢቀመጡ እንደ ወንድማማች ይተያያሉ። ክሌም በብዙ ስፍራ ይታያል። አንድ ወጣት በ25 ዓመቱ ከታላላቆቹ መበደሩ አያስነቅፈውም፤ ብድሩን ግን የለም ማለት ታሪክ መጻፍ አይደለም።

በ1966 እስክንድር ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም መምህር ሆነ። በዚያው ትምህርት ቤት ከጀርመን አገር ተምሮ የመጣው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያስተምር ነበር። ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር መገናኘታቸው ለተማሪዎቹ ታላቅ ዕድል ነበር። ገብረ ክርስቶስ ቀለምንና ቅርጽን ከማናቸውም ታሪክ አላቅቆ ሊያቆማቸው ይሞክር ነበር፤ እስክንድር ግን ታሪክንና ተረትን ወደ ሥዕሉ ይጠራ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው ዘሪሁን የትምጌታ ኋላ በቀጫጭን የቀርከሃ ቁራጮች ላይ የሣላቸውን ሥራዎች ያየ ሰው፣ የክታቡ ነገር ከመምህር ወደ ተማሪ እንዴት እንደ ተላለፈ ይገባዋል። በ1967 እስክንድር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ።

ክሱ በጽኑ የተነሣው ከዚህ ወዲህ ነው። «ሕዝቡ የማይረዳው ሥዕል ለማን ነው?» የሚል ጥያቄ በየኤግዚቢሽኑ ይቀርብ ነበር። ጥያቄው በሥዕል ብቻ አልተወሰነም፤ በጎረቤታችን በወለጋ የተወለደው ሰሎሞን ደሬሳ «ልጅነት» የተባለውን የግጥም መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ ተመሳሳይ ነቀፋ ወርዶበታል። እኛ ጥያቄውን አንንቅም። የገበሬ ልጅ ሆኖ ሥዕል ቤት ያልገባ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ መብቱ ነው። ነገር ግን በእስክንድር ሥዕል ፊት የሚደናገረው ማን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ክታብ ያሰረ ሰው ዓይን በዓይን ላይ፣ እባብ በወፍ ላይ፣ ምልክት በምልክት ላይ ተደርቦ ቢያይ አይገረምም፤ በአንገቱ ያለው ያው ነውና። የሚደናገረው ይልቁንም እንደ እኛ ትምህርት ቤት የገባው፣ ሥዕል ማለት ፎቶግራፍ የሚመስል ነገር ነው ብሎ የተማረው ነው። ይህ ትምህርት ደግሞ ራሱ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ከእስክንድር በፊት በእነ አገኘሁ ዘመን ገብቶ፣ ከጊዜ ብዛት የእኛ መሰለን።

በኢትዮጵያ የቆየው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። በ1969 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ1970ዎቹም መጀመሪያ በዋሽንግተን በሚገኘው በጥቁር አሜሪካውያን ታላቅ ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ ማስተማር ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ በዚያ አገለገለ። በ1974 በአገራችን ከተነሣው አብዮት በኋላ የስደተኛው ቁጥር ሲበዛ፣ ከተማሪዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያንም በረከቱ። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደልን ብቻውን የሥዕል አካል ሲያደርግ የተነሣው ከእርሱ ክፍል ነው። በ1977 እስክንድር ዘረኝነትን ለመቃወም ለወጣው የተባበሩት መንግሥታት የፖስታ ቴምብር የመጀመሪያ ቀን ፖስታ ንድፍ ሠራ፤ ለዚህ ሥራ ውል ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እርሱ ነው።

ከአሜሪካው ዘመን አንድ ነገር ብቻ አንሥተን ትንሽ እንቆይበት። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ሸራውን ትቶ በዛፍ ልጥ ጨርቅ ላይ መሥራት ጀመረ። ይህ ጨርቅ በዩጋንዳ ከሾላ ወገን ከሆነ ዛፍ የሚገኝ ነው። ቅርፊቱ ከግንዱ ይላጣል፤ በውኃ እየራሰ በእንጨት መዶሻ ለብዙ ሰዓት ይቀጠቀጣል፤ እየሰፋና እየሳሳ ሄዶ ቡናማ ጨርቅ ይሆናል። እስክንድር በዚህ ጨርቅ ላይ ቅርጽ እያወጣ፣ እያጠፈና እየጫነ ሠርቶበታል፤ በ1981 የሠራው «የጊዜ ዑደት 3» ከእነዚህ አንዱ ነው። ለምን ልጥ? ሸራ አውሮፓዊ ነው፤ ብራና ደግሞ የደብተራው ነው። ልጡ የሁለቱም አይደለም፤ እንደ ብራናው ግን አስቀድሞ ሕይወት የነበረው አካል ነው፤ ቆዳ ነው። በሶር ዳር ካለው ጥቅጥቅ ደን መካከል የሾላ ወገን የሆነ ዛፍ እያየ ላደገ ሰው ይህ ሥራ ከፓሪስ ይልቅ ለእኛ የቀረበ ነው። ከሥራዎቹ ሁሉ በዓይናችን ለማየት የምንመኘው ይህን ነው።

የመጨረሻው ታላቅ ሥራው በዋሽንግተን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ በ2001 የቆመው «ነክሰስ» የተባለው የአሉሚኒየም ቅርጽ ነው። ርዝመቱ 15 ሜትር ከግማሽ ያልፋል። የሠራው ከተማሪው ከሠዓሊና ገጣሚ ከበደች ተክለአብ ጋር ነው፤ እርስዋም በሶማልያ እስር ቤት 10 ዓመት ያህል አሳልፋ የወጣች ናት። በግራናይቱ ላይ የተለጠፉት ቅርጾች የየሃይማኖቱንና የየሕዝቡን ምልክት፣ የዜማ መሣሪያና የቤት ዕቃ ይዘዋል። ብረቱ በመቀስ እንደ ተቆረጠ ወረቀት ስስ ሆኖ ይታያል፤ ስፋቱም ሲዘረጋ እንደ ጥቅል ይነበባል። በፓሪስ በካርቶን ላይ የጀመረውን መቁረጥና መቅደድ፣ ከ37 ዓመት በኋላ በብረት ጨረሰው።

በሜይ 2003 በዋሽንግተን በአሜሪካ ብሔራዊ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሠዓልያን ሥራ የሚታይበት ኤግዚቢሽን ተከፈተ። የእስክንድር ሥራ ከተማሪዎቹ ሥራ ጋር በአንድ አዳራሽ ተሰቅሎ ነበር። በተከፈተ በሁለተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1995 ዓ.ም. እንደ እኛ አቆጣጠር፣ በዚያው ከተማ ዐረፈ። 65 ዓመቱ ነበር። ከጎንደር የሄዱት የአባ እንጦንስ ሥዕሎችም ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ።